ለቱቦው የተቆረሰ ዳቦ

ናስ ሲግል፣ ላምባ ሲጨስ፣ ከጎኑ ደግሞ የዳቦ ፍርፋሪ ሲያርር የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? አታውቁትም ብዬ እገምታለሁ። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ የሚገናኙበት ቤት ብዙ አይደለም። ያለፈው እሑድ የማድ ቤታችን ቱቦ በአዲሱ መገጣጠሚያው በኩል እያንጠባጠበ ግድግዳውን ሲያበሰብስብኝ ጊዜ፣ ከአልጋ ሥር የተቀመጠውን አሮጌ የላምባ እሳት መንፊያ አወጣሁና አቧራውን ጠርጌ ለኮስሁት። ገና የናሱና የላምባው ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ እጄ ባለበት ቆመ። እዚሁ ሰቆጣ፣ እዚሁ እናቴ ግቢ እንደተንበረከክሁ ልጅ ሆንሁ። ከፊቴ ደግሞ እትዬ ትርንጎ ቁጢጥ ብላ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ፣ "አንች ልጅ፣ ዓይንሽ ከእሳቱ እንዳይነሣ!" ትለኛለች።

እትዬ ትርንጎ የፃግብጂ ልጅ ነበረች። ቤይሩት ብዙ ዓመት ኖራ ስትመለስ ግቢያችን ውስጥ ከማድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየች። እኔ ያኔ ቁመቴ ከበሩ መቀርቀሪያ ገና ትንሽ አለፍ ያለ ነበር። የዓረብ አገር ተመላሽ ሲመጣ የሠፈራችን ሰው ዓይኑ ሻንጣ ላይ ነው። ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ የአንገት ሐብል ይጠብቃል። የእትዬ ትርንጎ ካርቶን ገመዱ ተፈቶ ሲከፈት ግን የወጣው የተጠቀለለ ቀይ የመዳብ ቱቦ ነበር፤ ከሥሩም በጨርቅ የተቋጠሩ ትንንሽ ማያያዣዎች። ሠፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሰው ወርቅ ሲያመጣ እሷ መልኩን ብቻ አይታ ይዛ መጣች" ተባለ። እሷ የሚሉትን ሰምታ ከበሯ ብቅ አለችና "ወርቅ ውኃ ያመላልሳል እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

ሙያውን የተማረችው ሳታስበው ነው። ተቀጥራ የገባችበት ቤት ባለቤት ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቱቦ ሠራተኛ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። "መጀመሪያ ሻይ አቀርብለት ነበር" ትለን ነበር ስታወራ። "ኋላ መብራት ያዝሁለት። ኋላ መዳቡን ወለወልሁለት። ሲውል ሲያድር እጁ እኔ ሆንሁ።" ሽማግሌው ሲሞት ልጆቹ ዕቃውን ሲከፋፈሉ እሷ የለመነቻቸው ያንን ጥቅል ቱቦ ነው። እሳት መንፊያውን ያገኘችው ግን እዚሁ ሰቆጣ ገበያ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ላይ ነው። ሆዱ ክብ፣ ናሱ የጠቆረ፣ በአውራ ጣት እየተነፋ ሲለኮስ ደግሞ ግቢው ሁሉ እስኪደነግጥ የሚያገሳ ዕቃ ነው። ዶሮዎቻችን ከርሱ ጋር ሳይለማመዱ ነው ያለቁት።

እኔን ማስተማር የጀመረችው በቁርጥራጭ ቱቦ ነው። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ የግራ እጇ አንጓ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለባት ሴት ነበረች፤ ጠባይዋም እንደ መልኳ ደረቅ። መሳቅ ስትፈልግ ትስቃለች እንጂ ሰውን ደስ ይበለው ብላ አትስቅም። ሥራ ሲጠብባት አማርኛውን ትተወውና በኽምጣንጋ ለራሷ ታንሾካሹካለች፤ ያኔ ማንም እንዳያናግራት እናውቃለን። ሙያዋን ግን አልሰሰተችብኝም። ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ አሽተዋለሁ፤ ፓስታ የምትለውን ቡናማ ቅባት በጣቴ አስነካዋለሁ፤ ማያያዣው ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ እሳቱ ይመጣል። ለመበየጃ የሚቀልጠውን ለስላሳ ሽቦ ሊድ ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሊዱን እሳቱ ላይ ይዤ አቀለጥሁትና ጠብ ጠብ ብሎ እግሬ ሥር ፈሰሰ። ጆሮዬን ያዘችኝ።

"እሳቱን ለመዳቡ ስጭው፣ ሊዱን ለመዳቡ አጉርሽው። ከታች አሙቂ፣ ከላይ አጉርሽ። መዳቡ ሲርበው ራሱ ይውጠዋል። ሳይርበው ብታጎርሽው ይተፋብሻል።"

እውነትም መዳቡ በቂ ሲግል ሊዱ ይጠፋል። ዓይኔ እያየ በማያያዣውና በቱቦው መካከል ባለችው ቀጭን ስንጥቅ ይሰርግና ዙሪያውን የብር ቀለበት ሆኖ ብቅ ይላል። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ቀለበት ሳይ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይላላል።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነበርና።

ውኃ ሠፈራችን የሚደርሰው በፈረቃ ነበር። ሲመጣ ይመጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር የሰው ጀሪካን ከቦኖው ሥር ተሰልፎ ይደርቃል፣ ሴቶቹም ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና በዚያ ቁልቁለት ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን ጀሪካኑን እንዳዘለች ዳገቱ ላይ ወደቀች። ክዳኑ ጠብቆ ስለነበር ውኃው ጠብታም አልፈሰሰ። ልጁ ግን አልተረፈም። በማግሥቱ ጎረቤት ሊያጽናናት ሲመጣ የቀረበለት የዚያው ጀሪካን ውኃ ነበር። እናቴ ጽዋውን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተመልሳ ስታረግዝ አዋላጇ ነርስ አጥብቃ ነገረቻት። "ጀሪካን የሚባል ነገር እንዳታነሺ። ይኼኛውንም እንዳታጪው።" ነገር ግን እናቴ ስመኝን አታነሺ ስላሏት የማታነሣ የሚመስለው የማያውቃት ብቻ ነው። እኔ የማመጣት ትንሿ ጀሪካን ለመጠጥና ለሊጥ እንኳ አትዳረስም። አባቴ የጎጃም ሰው ሆኖ በግብርና ሥራ ጽጽቃ ተመድቦ ነበር፤ መኪና ሲገኝ ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር ከአጥሩ እስከ ማድ ቤቱ ድረስ ለቱቦው ቦይ ይቆፍርና መልሶ ይሄዳል። ቦዩን ጨርሶ በሄደ ሰሞን የእናቴ ወር ገባ። እትዬ ትርንጎ ካርቶኗን ፈታችና፣ የተሳቀበትን ቱቦዋን ሁሉ ቦዩ ውስጥ ዘረጋችው። ለምን እንደሰጠችን እናቴ ስትጠይቃት "ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አላመጣሁትም" ብላ ዘጋቻት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠዋት የውኃ ሠራተኞች መጥተው ከመንገዱ እስከ አጥራችን ያለውን መሥመር አገናኙ፤ ከአጥሩ ሥርም መዝጊያ ገጠሙልን። "ከሰዓት ፈረቃችሁ ነው፤ ቶሎ ጨርሱ፤ ቀጣዩን አናውቀውም" ብለውን ወደ ሌላ ቤት አለፉ። እትዬ ትርንጎ ከማድ ቤቱ በርሜል ጀምራ እየበየደች ወደ አጥሩ ስትመጣ እኔ ከኋላዋ እየወለወልሁ እከተላለሁ። እኩለ ቀን ላይ የቀረችን አንዲት መገጣጠሚያ ነበረች፤ ከመዝጊያው የወጣችውን ጉማጅ መዳብ ከእኛ ቱቦ ጋር የምታያይዘዋ።

እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታየናለች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ከእግሯ ሥር ትልቁ ጀሪካን፣ ማዘያ ገመዱ ታስሮለት ተቀምጧል። "ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ" አለች። "ዛሬ ከገባ ገባ፤ ካልገባ ነገ በጠዋት እወርዳለሁ። ቤቴ ውስጥ ለመውለጃ የሚሆን ጠብታ የለም።" እትዬ ትርንጎ ቀና ብላ ገመዱን አየችው እንጂ አልመለሰችላትም። እሳት መንፊያውን ነፋችና ለኮሰችው።

ነበልባሉ የማያያዣውን ሆድ ይልሳል፤ እኔ ሊዱን ይዤ እጠብቃለሁ። ጊዜው አለፈ። መዳቡ ቀለሙን አልለወጠም። ይልቅ ከውስጡ ጭስስስ የሚል ድምፅ መጣና በስንጥቁ በኩል ነጭ እንፋሎት ተፋ። ሊዱን ሳስነካው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ወደቀ። እትዬ ትርንጎ እሳቱን ዞር አድርጋ መገጣጠሚያውን በጨርቅ ይዛ ነቀለችው። ከመዝጊያው በኩል ከመሥመሩ የቀረ፣ እንደ ክር የቀጠነ ውኃ ይወርዳል፤ ውስጡ ውኃ እያለ መዳቡ አይግልም። መዝጊያውን ባላት ኃይል ብታጠብቀው ክሩ ቀጠነ እንጂ አልተቆረጠም። በዕንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠቅልላ አደረቀችው፤ ማያያዣውን ሳታስገባ ተመልሶ ሞላ።

ከላይኛው ሠፈር በኩል ጩኸት ተሰማ። "መጣ! ውኃ መጣ!" የጀሪካን ኳኳታ፣ የልጆች ሩጫ። ውኃው እኛ ጋ ሲደርስ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ድምፁ ከላይ ይጀምርና ቤት በቤት ይወርዳል። እትዬ ትርንጎ ኽምጣንጋዋን ጀመረች። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞራ "ሐረግ፣ ዳቦ አምጭ" አለችኝ።

የራባት መሰለኝ። ሮጬ ማድ ቤት ስገባ እናቴም የመሰላት እሱ ነው። "ትብላ እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም" ብላ ከመሶቡ ትልቁን ቁራሽ አወጣችልኝና ራሷ ሽሮ በሳህን ይዛ ተከተለችኝ። ሳህኑን ይዛ እየመጣች ሳለ ነው እትዬ ትርንጎ የዳቦውን ልብ ቆንጥራ ወደ ቱቦው አፍ ስታስጠጋ ያየቻት።

"ትርንጎ! ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልወትፈው ነው፣ እት ስመኝ። ውኃውን ይዞ ያቆይልኛል። ኋላ ውኃው በኃይል ሲመጣ ይሟሟና በቧንቧው ይወጣል።"

"እህል ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም! ብታውቂማ እጅሽ አይታዘዝልሽም።" አለች እናቴ። "በኔ ቤት እህል ጭቃ ውስጥ አይገባም። ውኃውም ይቅርብኝ። ጀሪካኔ አለልኝ!"

ይህን ለማያውቅ ሰው ቁራሽ ዳቦ ቁራሽ ዳቦ ነው። በእኛ ቤት ግን ፍርፋሪ መሬት ላይ ከወደቀ ይነሣል፣ ይሳማል፣ እግር በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። እናቴ የሰሃላ ልጅ ናት። በዚያ በረሃቡ ክፉ ቀን፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳለች። ከጭነት መኪና የሚንጠባጠበውን ስንዴ ከአፈሩ ውስጥ እየለቀመች አፉ ውስጥ ስታደርግለት እንደነበር፣ አንድ ቀን ደግሞ አፉን አልከፍት እንዳላት አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች። ወሬው ዳግመኛ አልተነሣም። ሁለታችንም ግን ዳቦ በተቆረሰ ቁጥር እናስታውሰዋለን።

እትዬ ትርንጎ እጇ ላይ ያለውን ቁራሽ ሳመችው፤ ለእናቴም መለሰችላት። "ውኃ መጣ!" የሚለው ድምፅ ወረደ፤ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ነው። በጭንቀት ስቃጠል ትዝ ይለኛል። እናቴን ጀሪካኑን አዝላ በዚያ ቁልቁለት ስትወርድ በዓይነ ኅሊናዬ አያታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ላለማየት ዓይኔን እጨፍናለሁ።

"ጨርቅስ?" አለች እናቴ፣ እየተለማመጠች።

"ጨርቅ አይሟሟም። ውስጡ ይቀርና ይዘጋዋል።"

"ጭቃስ?"

"ጭቃ ብወትፍ የምትጠጭው ጭቃ ነው።"

"ሊጥ..."

"ሊጥስ እህል አይደል፣ እት ስመኝ?"

እትዬ ትርንጎ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። የተቆጣች፣ ሥራውንም ጥላ የሄደች መስሎኝ እንባዬ መጣ። ወዲያው ግን በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ይዛ ተመለሰችና ከቦዩ አፋፍ ላይ ተቀመጠች። ስትፈታው ዳቦ ነው። ምሳዋ ነበር።

"ሽማግሌው መጀመሪያ ቀን ዳቦ ሲወትፍ ሳየው እኔም እንዳንች ሆንሁ" አለች። እንዲያ ረጋ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። "ከቱቦው ቀምቸ ጉያየ ወሸቅሁት። ጮኸብኝ። አለቀስሁ። በተሰባበረ ቋንቋ፣ በኛ አገር እህል የሚወድቅ ሰው ሲወድቅ ነው አልሁት። የራሱን ምሳ አወጣ። ዳቦውን ስሞ ግንባሩን አስነካው። ልቡን ለቱቦው አወጣ፤ ቅርፊቱን ለራሱ አስቀረ። የዚያን ቀን ሌላ አልበላም። እኔም ከዚያ ወዲህ ከድርሻየ ካልሆነ ወትፌ አላውቅ። ይኼ የተጣለ እህል አይደለም፣ እት ስመኝ። ተካፈልሁት እንጂ አልጣልሁትም።"

ድምፁ ከበላያችን ካለው ቤት ደረሰ። እናቴ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሆዷን ደግፋ በግድ፣ በጣም በግድ፣ ከቦዩ አፋፍ ላይ ተንበረከከች።

"ከአፍሽ የወጣ ነው?"

"ከአፌ የወጣ ነው።"

"እንግዲያ እኔ ነኝ የማስገባው። የኔንም ድርሻ ልጨምር?"

"አንች ለሁለት ነው የምትበይ" አለች እትዬ ትርንጎ፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ ሽው አለ። "የሌላ ሰው ድርሻ አትንኪ።"

እናቴ የዳቦውን ልብ ተቀበለች። አማተበች። በጣቶቿ አላቆጠችው፤ ሳመችውም። የሆነ ስም ጠራች። ያልወለደችውን ይሁን ያዘለችውን ወንድሟን አልሰማሁም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ቱቦው አፍ አስገብታ በትንሽ ጣቷ ገፋችው። የውኃው ክር ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ።

"አሁን!" አለች እትዬ ትርንጎ።

ጠረግን፣ ቀባን፣ አስገባን። እሳቱ አገሳ። መዝጊያው እንዳይግል እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላበት በአንድ እጇ ትይዛለች፤ በሌላው ነበልባሉን ከታች ታስጠጋለች። ሊዱ የኔ ነው። በዚህ መካከል ከመሬት ውስጥ ድምፅ ሰማን፤ ሁሁሁ የሚል፣ ቱቦው ራሱ የሚተነፍስ የመሰለ። ውኃው አየሩን እየገፋ እየመጣ ነው። ዳቦው ምን ያህል እንደሚቆይ ማናችንም አናውቅም። የዳቦው ጫፍ ማረር ጀምሮ ሽታው ወጣ፤ ያ ሽታ።

"እትዬ፣ ላስነካው?"

"አልራበውም።"

"መጣ እኮ!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እሳቱን እይ እንጂ ጩኸቱን አትስሚ።"

የጎረቤታችን በርሜል ሲንቧቧ ሰማሁ። እናቴ በሁለት እጇ ትከሻዬን ያዘች፤ ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። የመዳቡ ቀለም ሲጨልም፣ ቅባቱ ሲፍለቀለቅ፣ እትዬ ትርንጎ በዝግታ "አጉርሽው" አለች። አስነካሁት። ዋጠው። ሊዱ በእጄ ላይ ሲያጥር፣ ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማኝ፤ ዙሪያውን ሄዶም የብር ቀለበቱ ብቅ አለ። እሳቱን አራቀችና "እንዳትነኪው፣ እንዳትተነፍሽበት" አለችኝ። ቀለበቱ ያበራ ነበር። እስኪደበዝዝ ድረስ ሦስታችንም ጠበቅን። ከመሬቱ ውስጥ ያለው ሁሁታ ጨመረ፣ ጨመረና መዝጊያው ላይ መጥቶ መታው። መገጣጠሚያው አልተነቃነቀም።

እትዬ ትርንጎ መዝጊያውን ቀስ አድርጋ ከፈተችው። ማድ ቤት ሮጥን፤ እናቴ እንኳ እየተደገፈች ሮጠች። በርሜሉ ላይ ያለው ቧንቧ አፉን ከፍቶ ዝም ብሏል። ምንም የለም። እናቴ እትዬ ትርንጎን አየቻት፤ እትዬ ትርንጎ ቧንቧውን። ዳቦው ተቀርቅሮ ቀርቶ ይሆን የሚለውን ማናችንም በአፋችን አላወጣነውም። ከዚያ ቧንቧው ሳል ሳል አለው። አየር ተፋ። የዛገ ውኃ ተፋ። ቀጥሎ ነጫጭ ነገር የተቀላቀለበት ውኃ መጣ። እናቴ ከግድግዳው ላይ ወንፊቱን አውርዳ ከሥሩ ያዘች። ፍርፋሪውን አንዱንም ሳታስቀር ወንፊቱ ላይ አጠራቀመችው። በመጨረሻ ጥርት ያለ ውኃ በርሜሉን ከውስጥ ሲመታው የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እናቴ ወንፊቱን ይዛ ወጥታ ፍርፋሪውን ለዶሮዎች ሰጠች። እትዬ ትርንጎ መገጣጠሚያው ላይ አመድ ነሰነሰች፤ የሚያፈስ ከሆነ አመዱ ይጠቁራል። ቁጭ ብለን አየነው። አመዱ እንደነጣ ቀረ። ያኔ ነው እናቴ መሬት ላይ ተዘርግታ ያለቀሰችው። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስቀምጠው የነበረ ልቅሶ ነበር፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። የጀሪካኑን ማዘያ ገመድ እትዬ ትርንጎ ፈታችውና ልብስ ማስጫ አደረገችው።

ወደ ማታ እናቴ ሽሮውን አሙቃ አቀረበችላት። "ብይ እንጂ፣ ሞትሁልሽ!" እትዬ ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። "ድርሻየ ቱቦው ውስጥ ነው።" ከኪሷ የደረቀውን ቅርፊት አወጣችና ከደጃፏ ተቀምጣ በዝግታ በላችው። ከኛው በርሜል በተቀዳ ውኃ አወራረደችው።

ወንድሜ በረከት በዚያው ሰሞን በሰላም ተወለደ። የታጠበውም በዚያ ውኃ ነው። እትዬ ትርንጎ እሱ ዳዴ ማለት ሳይጀምር ተመልሳ ተሰደደች። ታናሽ እህቷን ትምህርት ቤት ለማቆየት ነው ተባለ፤ እኔ ግን ቱቦዋን ሁሉ ለሰው ቤት ዘርግታ ስትጨርስ እዚህ የሚያቆያት ያጣች ይመስለኛል። እሳት መንፊያውን ትታልኝ ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን በጎረቤት ስልክ ትደውል ነበር፤ "አመዱን ነሰነሳችሁ?" ትላለች ከሰላምታው በፊት። ኋላ ቀረች። ሞታለች የሚል አለ፤ አግብታ ትኖራለች የሚልም አለ። እኔ የማውቀው እንደምትናፍቀኝ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ናፈቅሽኝ አላልኋትም፤ እሷም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሏት ደስ የሚላት ሰው አልነበረችም።

እሑድ ዕለት የሚያንጠባጥበው የሷ መገጣጠሚያ አልነበረም። የሷማ ያው ከአጥሩ ሥር፣ አፈር ለብሶ፣ እንደ ደረቀ አለ። ያፈሰሰው አባቴ በጡረታው ሰው ቀጥሮ ያስቀጠለው ነው። መዝጊያውን አጥብቄ ብዘጋውም ያ የማውቀው የውኃ ክር አልቆረጥ አለኝ። ምሳዬን አመጣሁ፣ ሳምሁት፣ ልቡን አውጥቼ ወተፍሁት። አልበቃም። ውኃው ዳቦውን ገፍቶ መጣ።

በረከት ምሳውን እየበላ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። አሁን ከኔ በላይ ረጅም ነው። እትዬ ትርንጎን አያውቃትም፤ ፎቶዋ እንኳ የለንም። ሳልጠይቀው እጁ ላይ የነበረውን ዳቦ ሳመው። ልቡን ቆርሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ቅርፊቱን ማኘክ ጀመረ።